ከአራት ኪሎ ሳትርቁ ውሃ ዳር ቀን እንዴት እንደሚዋል

«ቢሾፍቱ ደርሶ ለመመለስ ብሩም ጊዜውም የለኝም። እዚሁ መሀል ከተማ፣ ዛፍና ውሃ ያለበት፣ ቀን የሚዋልበት ቦታ አለ?» ይህን ያልጠየቀኝ ጎረቤት የለም። ቅዳሜ ጠዋት ሰሌን ጠቅልዬ፣ ፔርሙስ አንጠልጥዬ ስወጣ ያዩኛል። ባለፈው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር አንዲት እናት እጅጌዬን ጎተት አድርገው «ልጄ፣ ያቺ የምትሄድባት ቦታ በየት በኩል ናት?» ብለውኛል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው።

አለ። ቀበናና ግንፍሌ ከእንጦጦ ወርደው ከተማውን ያቋርጣሉ። ከታላቁ ቤተ መንግሥት ማዶ ያለው ወዳጅነት ፓርክ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለው። ወንዞቹ ዳር ደግሞ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የእግር መንገድና መቀመጫ ተሠርቷል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ የአዲስ አበባ ወንዝ ዳሩ ይዋልበታል እንጂ ውስጡ አይገባበትም። ከዚህ በታች የማስቀምጠው አብዛኛው እርምጃ የመጣው ከዚህ ነው። ደግሞም መመሪያው ለመዋል ብቻ ነው። መሀል ከተማ ድንኳን ተክላችሁ ልደር ብትሉ ሌሊት ጥበቃ መጥቶ ያስነሣችኋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለሁለት ሰው፣ ከጠዋት እስከ 10 ሰዓት)

- ሰሌን። ከሌለ የማዳበሪያ ከረጢት ስፌቱን ፈትታችሁ፣ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ዘርጉት
- አንድ ጋቢና አንድ ነጠላ
- 4 ሊትር የሚጠጣ ውሃ፣ ለእጅ መታጠቢያ ሌላ 1 ሊትር
- ፔርሙስና ሁለት ኩባያ
- በሶ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝ ወይም ብርቱካን
- ባዶ ሀይላንድ ሁለት (አንዱ ለበሶ፣ አንዱ ለእጅ መታጠቢያ)
- ሳሙና፣ ሶፍት፣ ትንሽ ፎጣ
- ሰፊ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ፣ ሹራብ
- ሁለት ወፍራም ፌስታል፦ አንዱ ለቆሻሻ፣ አንዱ ዝናብ ሲመጣ ስልክና ገንዘብ ለመጠቅለል
- እግር የሚሸፍን ጫማ። ወንዝ ዳር የጠርሙስ ስባሪ አይጠፋም
- መታወቂያና ዝርዝር ብር

የከሰል ምድጃ፣ ታጣፊ ወንበርና ስፒከር ሆን ብዬ ነው የተውኳቸው። ምድጃው ያስባርራችኋል፣ ወንበሩ ትከሻ ይጨርሳል፣ ስፒከሩ ደግሞ አጠገባችሁ ጸጥታ ፍለጋ የመጣውን ሰው ቀን ያበላሻል።

1. ቀኑን ምረጡ

ምርጡ ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ መሬቱ ይደርቃል፣ ወንዙም ዝቅ ይላል። ጠዋቱ ግን ቆፈን ነው። ከ3 ሰዓት በፊት ከዘረጋችሁ ሣሩ ላይ ያለው ጤዛ ጋቢያችሁን ያርሰዋል፣ እርጥብ ጋቢ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አይሞቅም። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ሳይታሰብ ሊጥል ስለሚችል ጃንጥላ አትርሱ።

ክረምት ላይ ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት ብቻ ውጡ። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች። የሞቀው እርጥብ አየር የእንጦጦን ተራራ ተደግፎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ለዚህ ነው። «ጠዋት ብሩህ ነበር እኮ» የሚባለው ሰበብ በሐምሌ አይሠራም።

በደመራ፣ በጥምቀትና በኢሬቻ ሰሞን፣ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ በሚካሄድበት በየካቲትም ጊዜ የመሀል ከተማ መንገዶች ይዘጋሉ። እነዚህን ቀኖች ዝለሉ። አለዚያ ሰሌናችሁን ተሸክማችሁ ከአንዱ መዝጊያ ወደ ሌላው ስትዞሩ ትውላላችሁ።

2. ቦታው የማን እንደሆነ እወቁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፣ አንቀጽ 44 ደግሞ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ያስቀምጣል። አንቀጹን በር ላይ ለጥበቃው ብትደረድሩለት ግን ቀኑ እዚያው ያልቃል። ይልቅ የምትሄዱበት ቦታ ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ከቤት ሳትወጡ ለዩ፦

*የታጠረና የሚከፈልበት።* ወዳጅነት ፓርክ፣ አንድነት ፓርክ። በር ላይ ፍተሻ አለ። ዋጋውና የመዝጊያ ሰዓቱ ስለሚቀያየር እኔ ብጽፈው አሳስታችኋለሁ። በሩ ላይ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ «ዋጋው ስንት ነው? ምግብ ይዞ መግባት ይቻላል? ሣር ላይ መቀመጥ ይፈቀዳል?» ሦስተኛውን ሰው ይረሳዋል፣ የሚያጣላውም እሱ ነው። አንዳንዱ ሣር ለመቀመጫ የተተወ ነው፣ አንዳንዱ ለዓይን ብቻ።

*ክፍትና ነፃ።* በቀበናና በግንፍሌ ዳር የተሠሩት የእግር መንገዶችና መቀመጫዎች። ማንም ይሄድባቸዋል፣ ቲኬት የለም። ግን ክፍት ነው ማለት ጥበቃ የለውም ማለት አይደለም። ደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ካያችሁ ሰሌናችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት ሄዳችሁ ሰላም በሉት። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፦

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? እዚያ ጥላው ሥር ትንሽ ብንቀመጥ ችግር አለው?»

«ችግር የለም ልጄ፣ አበባውን እንዳትነኩ ብቻ። ስትነሱም ቆሻሻችሁን።»

ከዚያ በኋላ ጋሼ የእናንተ ጠባቂ ናቸው። ሳትጠይቁ ተቀምጣችሁ ሲደርሱባችሁ ግን ለ«ተነሡ» ነው የሚመጡት። ጥያቄው ያው ነው፣ የሚለየው ማን ቀድሞ ተናገረ የሚለው ነው።

*ክፍት የሚመስል ግን ሰው የያዘው።* ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ ተተክሎ ካያችሁ ያ የአንድ ሰው እንጀራ ነው፣ በመደቡ መሀል አትሻገሩ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥላው የሚያስቀና ነው፣ ጸበል የሚወርድበትም አለ። ነገር ግን ለጸሎትና ለጸበል እንጂ ምግብ ዘርግቶ ለመዋል አይደለም። ቀበና አካባቢ የኤምባሲ አጥር ወንዙን እየተከተለ የሚሄድበት ቦታ ስላለ እዚያ ጋ ተቀምጣችሁ ፎቶ አታንሱ። ቤተ መንግሥቱ አካባቢም እንዲሁ። ካሜራችሁ ወደ ውሃው ቢዞርም ከኋላ ያለው ሕንፃ ይገባል፣ ስልክ አስረክቦ ሲያስረዱ መዋል ደግሞ ማንም አይፈልግም።

3. የምትጠጡትን ውሃ ማታውኑ አዘጋጁ

ለአንድ ሰው 2 ሊትር። ሰፈራችሁ ውሃ በፈረቃ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ቧንቧው ላይ አትተማመኑ፣ ዓርብ ማታ ቅዱ።

ካፈላችሁ ደግሞ በደንብ አፍሉ። መሀል አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ መንተክተክ እንደጀመረ አታውጡት፣ ሙሉ 3 ደቂቃ ይንተክተክ። ጀሪካኑ ውስጥ የምትገለብጡት ከበረደ በኋላ ነው። ትኩስ ውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ከገባ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ጀሪካኑም ይጣመማል። ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ የምትጠቀሙ ከሆነ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ። መድኃኒቱ ሥራውን የሚጨርሰው በዚያ ጊዜ ነው።

⚠ ማስጠንቀቂያ፦ «የወንዙን ውሃ አፍልተን ብንጠጣስ?» የሚል በየጊዜው አይጠፋም። አይሆንም። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፣ ከፋብሪካ፣ ከጋራዥና ከልብስ ማጠቢያ የሚገባውን ኬሚካል ግን አያወጣም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲያንስ ኬሚካሉ ይወፍራል። ለሻይ፣ ለፊት መታጠቢያ፣ ፍራፍሬ ለማለቅለቅ፣ ለምንም አትጠቀሙበት። ወንዝ ዳር የበቀለ ሰላጣና ጎመንም ጥሬውን አይበላም፣ ጠጥቶ ያደገው ያንኑ ውሃ ነውና።

4. እሳት የማይፈልግ ስንቅ ያዙ

መናፈሻ ውስጥ እሳት ማንደድ አይፈቀድም፣ ክፍት ቦታም ቢሆን በበጋ የደረቀ ሣር በአንዲት ፍንጣሪ ይያያዛል። የእኔ ስንቅ በሶ ነው። ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ ውሃ ብቻ ይበቃዋል፣ ሙቀት አያበላሸውም፣ እስከ ማታም ያቆያል።

በሶ በሀይላንድ ለመበጥበጥ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ዱቄቱን ካስቀደማችሁ ታች ተጣብቆ ይቀራል፣ እንጨት ብታስገቡም አይላቀቅም። መጀመሪያ ውሃውን እስከ ግማሽ ሙሉ። ከዚያ ወረቀት እንደ ቀንድ ጠቅልላችሁ በእሱ በኩል ሦስት ወይም አራት ማንኪያ በሶና ትንሽ ስኳር ወይም ጨው ጨምሩ። ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ዘቅዝቁና እስከ ሃያ እየቆጠራችሁ ናጡት፣ ከዚያ ቀሪውን ውሃ ሙሉ። ሲናጥ መጀመሪያ ጠርሙሱን የሚመታ የጓል ድምፅ ይሰማችኋል። ድምፁ ሲጠፋ ደርሷል።

ፔርሙሱን በተመለከተ፦ ሻዩን ከመገልበጣችሁ በፊት በፈላ ውሃ ሙሉትና 5 ደቂቃ አቆዩት፣ ከዚያ ውሃውን ድፉ። ቀዝቃዛ ፔርሙስ የሻዩን ሙቀት ራሱ ይጠጣዋል። ወተት አትጨምሩበት፣ እስከ ምሳ ይመጥጣል። ቡና ከሆነ አተላው ጀበናው ውስጥ እስኪዘቅጥ ጠብቁና ቀስ ብላችሁ ቅዱ።

ክትፎ፣ ጥሬ ሥጋ፣ እንቁላል ቤት ይቆይ። በሙቀት ይበላሻል ብቻ አይደለም፣ አሞራ አለ። የከተማችን አሞራ ከኋላ መጥቶ ከእጅ ላይ ይነጥቃል፣ ጥፍሩ ደግሞ ጣት ይሰነጥቃል። ለዳቦ ያን ያህል አይጓጓም።

5. መንገዱን ቁልቁል አድርጉት

ከላይ ጀምሩ፣ ታች ጨርሱ፣ መመለሻውን በታክሲ ወይም በአውቶቡስ። ጠዋት ጉልበት አለ፣ ዕቃው ግን ከባድ ነው። ከሰዓት ዕቃው ይቀላል፣ ጉልበት ያልቃል። በዚያ ሰዓት ዳገት የመጨረሻዋን ደስታ ይወስዳታል።

ሁለት መንገድ እሰጣችኋለሁ፦

ነፃው፦ ከአራት ኪሎ ወደ ምሥራቅ ወደ ግንፍሌ ድልድይ ውረዱ፣ ከዚያ ወደ ቀበና ድልድይ። ድልድዩ ላይ ቆማችሁ ወደ ላይም ወደ ታችም እዩ። መቀመጫና ጥላ የቱ ጋ እንዳለ ከዚያ ይታያል። ሁለቱ ድልድዮች ተቀራራቢ ስለሆኑ አንዱ ሰው ከበዛበት ወደ ሌላው መሻገር ቀላል ነው።

የሚከፈልበት፦ ከአራት ኪሎ ወደ ደቡብ፣ ቤተ መንግሥቱን በግራ ትታችሁ ውረዱ። ወዳጅነት ፓርክ በቀኝ በኩል ነው። ማታ እግር ለማሳረፍ ከፈለጋችሁ ፍልውሃ ከዚያ ሩቅ አይደለም። መከፈቱን አስቀድማችሁ አጣሩ፣ ከገባችሁም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በላይ ሙቅ ውሃ ውስጥ አትቆዩ። ቀኑን ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ከሙቅ ውሃ ድንገት ሲነሣ ራሱን ያዞረዋል። ነፍሰ ጡርና ግፊት ያለባቸው ሐኪም ሳይጠይቁ አይግቡ።

ከመነሣታችሁ በፊት ቤት ተጸዳዱ። መንገድ ላይ ያለው የሕዝብ መጸዳጃ ዝርዝር ብር ይጠይቃል፣ አንዳንዴም ውሃ የለውም። ወንዝ ዳር መጸዳዳት ነውር ብቻ አይደለም፣ ያስቀጣልም፣ ታች ያለው ሰው ደግሞ በዚያው ውሃ ጎመኑን ያጠጣል።

6. መቀመጫውን ከወንዙ አንብቡ

ይህን እርምጃ አትዝለሉት።

ወንዙ ዳር ያሉትን ቁጥቋጦዎችና ዛፎች ቀና ብላችሁ እዩ። ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል፣ ጨርቅ፣ የደረቀ ገለባ ታያላችሁ። ነፋስ አምጥቶት አይደለም። ባለፈው ክረምት ጎርፉ እዚያ ድረስ ወጥቶ ጥሎት ሄዷል። ከዚያ ከፍታ በላይ ተቀመጡ፣ በበጋም ቢሆን። በክረምት ደግሞ ከዚያም ከፍ በሉ።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ ወንዞቻችን ከእንጦጦ፣ ከ3,000 ሜትር ገደማ ተነሥተው በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ መሀል ከተማ ይደርሳሉ። ቁልቁለቱ ኃይለኛ ነው፣ ከተማው ደግሞ አስፋልትና ቆርቆሮ ስለሆነ ውሃውን መሬት አይመጠውም። እናንተ ጋ ፀሐይ እያለ እንጦጦ ላይ የዘነበው ሳታስቡት ይደርሳል።

በእኔ ላይ ደርሷል። አንድ የሐምሌ ቅዳሜ ጫማዬን አውልቄ ከውሃው ጠርዝ ክንድ ያህል ራቅ ብላ የተቀመጠች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አኖርኩት። ሰማዩ ሰማያዊ ነበር። መጀመሪያ የተለወጠው ቀለሙ ነው፦ ግራጫው ውሃ ወደ ቀይ ቡና ዞረ። ቀጥሎ ቅጠልና እንጨት መጣ፣ ከዚያ ሀይላንዶች እየተጋጩ፣ ቀጥሎ ከላይ መታጠፊያው ጋ ጠጠር በቆርቆሮ ላይ እንደሚንከባለል ያለ ድምፅ። «ምንድነው ይሄ?» ብዬ ዞር ስል ድንጋዩ የለም። ጫማዬም የለም። ካልሲ ብቻ አድርጌ አራት ኪሎ ድረስ ወጣሁ፣ ታክሲ ረዳቱ ሳይቀር ሳቀብኝ።

ስለዚህ ምልክቶቹ፦ ቀለሙ ሲደፈርስ፣ ቅጠልና ፕላስቲክ በብዛት ሲመጣ፣ ድምፁ ሲወፍር። ከሦስቱ አንዱን ካያችሁ ዕቃ አትሰብስቡ፣ መጀመሪያ ሰው ወደ ላይ ይውጣ። ዕቃው ይደረስበታል። ጎርፍ ያለበትን ወንዝ በእግር ለመሻገር አትሞክሩ። ጉልበት ድረስ የመጣ ፈጣን ውሃ ጎልማሳ ይጥላል፣ ከሥሩ ያለው ድንጋይም አይታይም።

መቀመጫ ስትመርጡ ሌላ ሁለት ነገር፦ አፋፉ ሥሩ ተበልቶ ከላይ ብቻ የተንጠለጠለ ከሆነ ራቁ፣ ይናዳል። የፍሳሽ ቱቦ ወደ ወንዙ የሚወርድበትን ቦታ ደግሞ በአፍንጫችሁ ለዩና ከነፋሱ በላይ በኩል ተቀመጡ። ነፋሱ በየት እንደሚነፍስ ካላወቃችሁ የሶፍት ቁራጭ አንጠልጥሉ።

ልጆች ካሉ አንድ ትልቅ ሰው ሥራው እነሱን ማየት ብቻ ይሁን፣ ስልክም አይያዝ። የፓርክ ሐይቅ ጸጥ ያለ ስለሚመስል ሰው ይዘናጋል፣ ጠርዙ ግን የሲሚንቶ ነው፣ ያንሸራትታል፣ ለመውጫ የሚያዝም የለውም።

7. ጥላው ወዴት እንደሚሄድ ቀድማችሁ አስቡ

ሰው ጠዋት ጥላ ያገኘበት ቦታ ይዘረጋል፣ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ ውስጥ ነው። የጠዋት ጥላ ከዛፉ በስተ ምዕራብ ይወድቃል፣ የከሰዓቱ በስተ ምሥራቅ። ቀኑን ሙሉ ልትውሉ ከሆነ ከዛፉ በስተ ምሥራቅ ዘርጉ፣ ጠዋት ላይ ሙቀት ታገኛላችሁ፣ በኋላ ጥላ።

አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ አናት የምትደርሰው በአማካይ 6 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ግን በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፣ ጥላውም ወደ ደቡብ ይዞራል። ከ5 እስከ 9 ሰዓት ባርኔጣ ያለ ጥላ አይበቃም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ደግሞ መቃጠላችሁ የሚታወቃችሁ ማታ ፊታችሁን ስትታጠቡ ነው።

ባሕር ዛፍ ሥር ግን አትተኙ። ቅርንጫፉ ነፋስ ሳይኖርም ይወድቃል። ወይራ፣ ጽድ ወይም ዋርካ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ።

አዘረጋጉ እንዲህ ነው፦ ሰሌኑ ታች፣ ጋቢው አራት ላይ ታጥፎ መቀመጫ፣ ነጠላው ላያችሁ ላይ። ሰው ጋቢውን ይለብሰውና መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ብርዱ ግን የሚመጣው ከታች ነው።

8. እጅ መታጠቢያውን አዘጋጁና ብሉ

የሁለተኛውን ሀይላንድ ክዳን በትኩስ መርፌ አራት ቦታ ብሱት። ሲጫን እንደ ቧንቧ ያፈሳል፣ 1 ሊትር ለሁለት ሰው ቀኑን ሙሉ ይበቃል። በሳሙና 20 ሰከንድ ያህል እሹ። ወንዝ ዳር ሣሩን፣ ድንጋዩን፣ የጫማችሁን ማሰሪያ ነክታችኋል፣ ያ ሁሉ ከዳቦው ጋር ወደ አፍ ይሄዳል።

ውሻ ቢጠጋ ምግብ አትወርውሩ፣ አንዱ ከበላ አምስት ይመጣሉ። ከነከሰ፣ ቁስሉ ትንሽም ቢሆን፣ በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ያንኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም፣ ክትባቱ የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው።

9. ሰማዩን ጠብቁ

ዓይናችሁ እንጦጦ ላይ ይሁን። ጫፉ ጠቁሮ ከተሸፈነ ከመሀል ከተማ መነሻ ሰዓታችሁ ነው። መብረቅ ካያችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ። ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፣ 30 ሳትደርሱ ከተሰማ ወደ ሕንፃ ግቡ። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ከዝናቡ የባሰ ነው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ገና 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ።

10. ስትነሡ

ፌስታሉን ሙሉና ይዛችሁ ውጡ። የገንዳው አፍ ሞልቶ ከፈሰሰ ላዩ ላይ አትቆልሉ፣ ውሻና ቁራ ይበትኑታል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ወደ ወንዙ ይወስደዋል። ቤት ድረስ ይዛችሁ ሂዱ። የሙዝ ልጣጭም ቆሻሻ ነው፣ «ይበሰብሳል» ብላችሁ አትተዉት። ሣሩ ላይ ለሳምንታት ይቆያል። ስትወጡ ጋሼን ተሰናበቱ፣ የተረፈ ቆሎ ካለ አካፍሏቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያውቋችኋል።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

- *አሥር ሆኖ መሄድ።* ሁለት ሦስት ሰው ጥላ ያገኛል፣ አሥር ሰው ሠርግ ይመስላል፣ ጥበቃውም እንደዚያ ነው የሚያየው።
- *ስልክን ሰሌን ላይ ትቶ ወንዝ ለማየት መሄድ።* በተራ ሂዱ፣ አንዱ ዕቃ ጋ ይቅር።
- *«እግሬን ብቻ ነከር ላድርግ» ማለት።* ቁስል ካለ ተሕዋስያኑ መግቢያ ያገኛሉ፣ ከሌለም የጠርሙሱ ስባሪ ያበጃል። ከገባችሁ ያው ሰዓት በንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቡ።
- *የመናፈሻውን መዝጊያ ሰዓት አለመጠየቅ።* ፀሐይ ስትጠልቅ ታክሲ ሰልፉ ይረዝማል። 10 ሰዓት ላይ የተነሣ ሰው ተቀምጦ ይሄዳል።
- *ጫማ አድርጎ ቤት መግባት።* ይህን ስንቱን መከርኩ! የወንዝ ዳር ጭቃ ከጫማው ሥር ደርቆ ምንጣፍ ላይ ይረግፋል፣ ሕፃን ያነሣዋል። በረንዳ ላይ አውልቁ፣ ሥሩን በሳሙና በብሩሽ ፈትጉ፣ ሰሌኑንም ሁለቱን ፊት ጠርጋችሁ ገመድ ላይ ፀሐይ አስመቱት። እርጥቡን ጠቅልላችሁ ካስቀመጣችሁ በሳምንቱ ሻግቶ ነው የምታገኙት።